ሁለት መኪና በአንድ ትራንስፎርመር

በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ልጅ የነበሩ ሰዎች በኤሌክትሪክ ስለሚሄደው የመኪና ውድድር መጫወቻቸው ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት ቅጽበት አለች። ሁለት መኪኖች ምንጣፍ ላይ በተዘረጋ ጥቁር መንገድ ጎን ለጎን ይከንፋሉ። ኩርባው ላይ የታላቅየው መኪና ከመስመሯ ወጥታ፣ ተገለባብጣ ሶፋ ሥር ትገባለች። ታናሽየው «አሸነ...» ብሎ ሳይጨርስ የእሱም መኪና በድንገት ፈትለክ ትልና ቀጣዩን ኩርባ ስታ ትበራለች። ጣቱን እንዳላንቀሳቀሰ ይምላል። ማንም አያምነውም።

ልጁ እውነቱን ነው። ሁለቱ መኪኖች የሚጠጡት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ትንሽ ነው። ጀርባው ላይ 12 ቮልት ተብሎ ቢጻፍም ሁለት ሞተር አብሮ ሲጎትተው ቮልቴጁ ዝቅ ይላል። አንደኛዋ መኪና ስትወጣ ሸክሙ በግማሽ ይቀንስና ቮልቴጁ ተመልሶ ይወጣል፤ ጭማሪው በሙሉ የሚደርሰው መንገድ ላይ ለቀረችው መኪና ነው። በአንድ ቧንቧ ሁለት ሰው ሲጠቀም አንዱ ሲዘጋ የሌላው ውኃ እንደሚበረታ ማለት ነው። የልጁ ጣት ባለበት ነው ያለው፤ ከጣቱ ሥር ያለው ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ሆኗል።

የዚህን መጫወቻ ትዝታዎች አንድ በአንድ ብታዩአቸው አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። ልጆቹ ዕድል፣ ተንኮል ወይም «ይቺ መኪና ትጠላኛለች» ያሉት ነገር ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሚታወቅ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ «ሞቷል» የተባለ የድሮ መጫወቻም አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፤ ቆሽሿል እንጂ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጫወቻው ከ1960ዎቹ በፊትም ነበር። በአሻንጉሊት ባቡር የታወቀው የአሜሪካው ላዮኔል በ1912 በኤሌክትሪክ የሚሄዱ የውድድር መኪኖች አውጥቶ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ተሸጠው ቀሩ። ነገሩን ብዙ ቤት ያስገባው እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ ነው። ፍራንሲስ በ1947 ሚኒሞዴልስ የሚባል ድርጅት አቋቋመ፤ በ1952 ደግሞ ስካሌክስ የተባሉ የቆርቆሮ መኪኖችን ማውጣት ጀመረ። የሚሄዱት በሞላ ነበር፣ ቁልፍ ግን አልነበራቸውም። መኪናዋን ወለል ላይ ተጭነው ወደ ኋላ ሲጎትቷት ሆዷ ሥር የተደበቀች አምስተኛ ጎማ ሞላውን ትጠመጥመዋለች፤ ሲለቋት ትፈተለካለች። ልጅ ግን እንዲህ ያለ ነገር ቶሎ ይሰለቸዋል፤ ከተለቀቀች በኋላ የሚያደርግላት ነገር የለምና። ሽያጩ ሲቀዘቅዝ ፍራንሲስ ሞላውን አውጥቶ ሞተር ከተተ፣ ሁለት ቦይ ያለው የጎማ መንገድ ሠራ፣ ስካሌክስ እና ኤሌክትሪክ የሚሉትን ቃላት አጋብቶ ስካሌክስትሪክ አለው። ለሕዝብ የታየው በጥር 1957 በእንግሊዟ ከተማ በሃሮጌት የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ነው።

ጊዜው ራሱ ረድቶታል። ከመጀመሪያዎቹ የቆርቆሮ መኪኖች መካከል ማዜራቲ 250ኤፍ እና ፌራሪ 375 ነበሩ። በዚያው 1957 ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በእውነተኛዋ ማዜራቲ 250ኤፍ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በሐምሌ ደግሞ ስተርሊንግ ሞስ እና ቶኒ ብሩክስ ቫንዎል የተባለችውን አንዲት የእንግሊዝ የውድድር መኪና ተቀባብለው ነድተው የብሪታንያን ግራንድ ፕሪ ኤይንትሪ ላይ አሸነፉ። ልጁ በሬዲዮ የሰማውን ስም ማታ ወለል ላይ ይነዳዋል። ፍላጎቱ ከአንድ ትንሽ ፋብሪካ አቅም በላይ ሆነና ፍራንሲስ በ1958 ድርጅቱን ትሪ-አንግ በሚለው ስሙ ለሚታወቀው የአሻንጉሊት አምራች ለላይንስ ብራዘርስ ሸጠው። በ1960 መኪኖቹ ፕላስቲክ ሆኑ። የቆርቆሮዎቹ በጣም ያምራሉ፤ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡ ዓይን ይይዛሉ። ለውድድር ግን ፕላስቲኮቹን እመርጣለሁ፤ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ሲወድቁም እንደ ቆርቆሮ አይጨረመቱም።

አሠራሩ ቀላል ነው። መንገዱ ላይ ለእያንዳንዷ መኪና አንድ ቦይ ተቆፍሯል፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ሐዲዶች ተዘርግተዋል። አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ቦዩ ውስጥ የምትገባ ምላስ አለች፤ ከምላሷ ግራና ቀኝ ደግሞ ከቀጫጭን የመዳብ ሽቦ የተሸረቡ ሁለት ጥብጣቦች ሐዲዱን እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ሐዲድ በአንዱ ጥብጣብ ወጥቶ በሞተሩ ውስጥ ያልፍና በሌላው ጥብጣብ ወደ ሌላው ሐዲድ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ የቆርቆሮ መኪኖች ላይ ጥብጣብ አልነበረም፤ ይህን ሥራ የምትሠራው ቦዩ ውስጥ የምትንከባለል ትንሽ መንኮራኩር ነበረች።

የቆርኪ ጎማ ያላትን የሽቦ መኪና በረጅም ዘንግ እየመራ ያደገ የሀገራችን ልጅ የዚህን ውድ መጫወቻ ጉድለት ወዲያው ያየዋል፤ መሪ የለውም። መኪናዋን የሚመራት ቦዩ ነው። ለተጫዋቹ የቀረለት ፍጥነት ብቻ ነው፣ ጨዋታው ሁሉ ያለውም እዚያ ላይ ነው፦ ኩርባው ከመድረሱ በፊት መቼ ልቀቅ፣ ከኩርባው ስወጣ መቼ ልጫን።

የ1957ቱ ቁልፍ ደግሞ ይህንንም ያጠብበዋል። መንገዱ ዳር ባለች ሣጥን ላይ የተቀመጠ ቀላል የመጫኛ ቁልፍ ነው፤ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፣ ሙሉ ኤሌክትሪክ ወይም ባዶ። መካከለኛ ፍጥነት የሚባል የለም። ጎበዝ ልጅ ግን ያገኘዋል፦ ቁልፉን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ያደርገዋል። ሞተሩ በመታቱ መካከል በራሱ ግፊት ስለሚሽከረከር ውጤቱ አማካይ ፍጥነት ይሆናል። የዛሬ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የሞተርን ፍጥነት የሚቆጣጠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፣ ልዩነቱ በሰከንድ ሺህ ጊዜ መታ ማድረጋቸው ነው።

በኋላ በእጅ የሚያዝ፣ በአውራ ጣት ወደ ታች የሚጫኑት መቆጣጠሪያ መጣ። ውስጡ ኤሌክትሪክን የሚቃወም ሽቦ በጥቅልል ተጠምጥሟል፤ ጣት ሲጫን አንድ የብረት ምላስ ጥቅልሉ ላይ ይንሸራተታል። ጥቂት ከተጫኑት ኤሌክትሪኩ በብዙ ሽቦ ማለፍ አለበት፣ መኪናዋ ትዘገያለች። እስከ መጨረሻው ከተጫኑት ሽቦው በሙሉ ይዘለላል። መቆጣጠሪያው የሚሞቀው በመካከለኛው ቦታ ሲያዝ ነው፤ ሞተሩ ያልወሰደው ኃይል እዚያ ሽቦ ላይ ሙቀት ይሆናልና። «እጄን አቃጠለኝ» የሚለው ትዝታ ማጋነን አይደለም። ጥቅልሉ መሃል ላይ ከተበጠሰ ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እስከ ግማሽ ሲጫኑት ምንም የለም፣ ከግማሽ ሲያልፍ መኪናዋ በአንዴ ትነሳለች። ካቻቢቴ ይዞ ሣጥኑን መክፈትና የተቃጠለውን ቦታ በዓይን መፈለግ ነው። በወፍራም ሽቦ መዝለል ይቻላል፣ ግን እዚያች ቦታ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ይዘላል።

ሌላው ልጆችን ያስለቀሰ ነገር ፍሬን ነው። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ሽቦ መቆጣጠሪያዎች ፍሬን የላቸውም። ጣት ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ መኪናዋ ግን በራሷ ግፊት ትንሸራተታለች። ኋላ የመጡት ባለ ሦስት ሽቦዎች ጣት ሲነሳ ሁለቱን ሐዲዶች እርስ በርስ ያገናኟቸዋል። ያኔ እየተሽከረከረ ያለው ሞተር ጄኔሬተር ይሆናል፣ ያመነጨው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ራሱን ይይዘዋል፣ መኪናዋም ትገታለች። በአዲስ መቆጣጠሪያ የለመደ ሰው የ1960 መኪና ሲነዳ መጀመሪያ ኩርባው ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። መልቀቅ ያለበት ከለመደው ቦታ ቀደም ብሎ ነው።

«ፍጥነቷን አታውቅም፣ እንደ ጥይት ነበረች» የሚለውም ትዝታ ሒሳብ አለው። መኪኖቹ የእውነተኛዋ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ናቸው። በቀጥታው ላይ በሰከንድ 3 ሜትር የምትሄድ መኪና በ32 ሲባዛ በሰከንድ 96 ሜትር ይሆናል፤ በሰዓት ወደ 345 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። እውነተኛዋ ማዜራቲ 250ኤፍ ይህን አትደርስም። ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ ዓይኑን ከመንገዱ እኩል ያደረገ ልጅ የሚያየው እንግዲህ ከፋንጂዮ የፈጠነ ነገር ነው።

«የውስጡን መስመር ለኔ!» ብሎ መጣላትም እንዲሁ ከንቱ አልነበረም። በስካሌክስትሪክ የፕላስቲክ መንገድ ላይ ከአንዱ ቦይ እስከ ሌላው ያለው ርቀት 7.8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀለል ባለ የእንቁላል ቅርጽ ትራክ ላይ መኪኖቹ አንድ ሙሉ ክብ ይዞራሉ፤ ስለዚህ የውጪው መስመር በእያንዳንዱ ዙር 2 ጊዜ 3.14 ጊዜ 7.8፣ ማለትም 49 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ኩርባው ጠባብ ሆነ ሰፊ፣ ቀጥታው አጠረ ረዘመ ይህ ቁጥር አይለወጥም። በ20 ዙር ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። በሌላ በኩል የውስጡ ኩርባ ጠባብ ስለሆነ መኪናዋ እዚያ ቀስ ማለት አለባት፤ በዚህም የተነሳ ክርክሩ ማለቂያ አልነበረውም። መፍትሔው ስምንት ቁጥር መሥራት ነው፦ መንገዱ መሃል ላይ በድልድይ ወይም በማቋረጫ ይሻገርና ግራ የዞረው ያህል ቀኝ ይዞራል፣ ርዝመቱም ይስተካከላል። ድልድይ ከሌለ ደግሞ 10 ዙር በአንዱ መስመር፣ 10 ዙር በሌላው ነድቶ ሰዓቱን መደመር።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንሂድ። እንግሊዝ ወይም ሌላ የአውሮፓ ሀገር የሚኖር ሰው ይህን ዕቃ በቅዳሜ ገበያ ላይ በቀላሉ ያገኘዋል፤ ሻጩም ብዙ ጊዜ «ይሠራ እንደሆነ አላውቅም» ይላል። ዋጋውን የሚያወርደው ይህ ዓረፍተ ነገር ነውና ተቀበሉት።

ሶኬት ላይ ከመሰካት በፊት ትራንስፎርመሩን ተመልከቱ። የስልሳ ዓመት ሽቦ ጎማው ተሰነጣጥቆ ሲነካ ይረግፋል፤ እንደዚህ ከሆነ ወደ ግድግዳ ሶኬት አይቅረብ። 12 ቮልቱ ሰውን ምንም አያደርግም፤ ሰው የሚገድለው ከግድግዳው የሚመጣው ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ትራንስፎርመሮች ከግድግዳው የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) መኪኖቹ ወደሚፈልጉት ቀጥተኛ (ዲሲ) የሚቀይሩት ሴሌኒየም በተባለ ንጥረ ነገር በተሸፈኑ ሳህኖች ነው፤ ሳህኖቹ ሲያረጁ ቮልቴጁን ያወርዱታል፣ ሲቃጠሉ ደግሞ የበሰበሰ ነገር የሚመስል መጥፎ ሽታ ያወጣሉ፣ ሽታውም መርዛማ ነው። የእኔ ምክር አጭር ነው፦ የድሮውን ሣጥን ለማስታወሻ አስቀምጡትና 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ 2 አምፔር ገደማ የሆነ አዲስ አዳፕተር ግዙ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ለእንግሊዝ የተሠራ ዕቃ ስፒናው ከተቀየረ ይስማማዋል። ለአሜሪካ የተሠራው ግን ለ120 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ከተሰካ በደቂቃ ውስጥ ይጨሳል። የአሜሪካው አውሮራ በ1960 ያወጣቸው ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ከዚህም የባሰ ጠባይ ነበራቸው፦ ውስጣቸው የሚሽከረከር ሞተር የለም። ተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ አንዲት የብረት ምላስ ያንቀጠቅጥና ምላሷ ጥርስ እየገፋች ጎማውን ታዞራለች፤ እንደ ንብ ይጮሃሉ። እነዚህን ከ12 ቮልት ቀጥተኛ አዳፕተር ጋር ብታገናኙ ንዝረት ስለሌለ መኪናዋ አትንቀሳቀስም፣ ጥቅልሉ ግን ይግላል። ከ1963 ጀምሮ የመጡት፣ ተንደርጄት የሚባሉት የአውሮራ መኪኖች የተለመደ የሚሽከረከር ሞተር አላቸው፤ እነሱ በቀጥተኛው ይሄዳሉ።

ቀጥሎ መኪናዋን ከመንገዱ ለዩና ፈትኑ። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ አምጡ፣ ሁለቱን ጫፎች በሁለት ቁራጭ ሽቦ ከሁለቱ ጥብጣቦች ጋር አነካኩ። የኋላ ጎማው ከዞረ መኪናዋ ደህና ናት፣ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ ብዙ ሰዓት ታድናለች፤ ብዙ ሰው ግን ሞተሩን ፈቶ ከበተነ በኋላ ነው ሐዲዱ መዛጉን የሚያየው።

ሐዲዱ ብረት ነው፣ ከላዩ ስስ ሽፋን አለው። የደረቀ አቧራና ጥቁር ቅባት ከሆነ ያለበት የደብተር ላጲስ ይበቃዋል፦ ሁለቱንም ሐዲድ በርዝመቱ እየፈገፈጉ፣ ከዚያ በአልኮል በነከረ ጨርቅ መጥረግ። ዝገት ካለ በጣም ደቃቅ የሆነ፣ ከ1000 ቁጥር በላይ ብርጭቆ ወረቀት። ሻካራ ወረቀት ዛሬ ሐዲዱን ያብረቀርቀዋል፣ ሽፋኑን ግን ስለሚልጠው በሚቀጥለው ክረምት ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። የብረት ሱፍ በጭራሽ አትጠቀሙ። ከእሱ የሚረግፉት ቅንጣቶች ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝተው ሾርት ያደርጋሉ፤ የቀሩትን ደግሞ የሞተሩ ማግኔት ይስባቸውና ውስጥ ገብተው ጥቅልሉን ይልጡታል። መንገዱ የመጀመሪያው ዘመን የጎማ መንገድ ከሆነ ቤንዚንና ቲነር አይንካው፤ ጎማው ያብጣል፣ ይለሰልሳል።

መኪናዋ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የምትቆም ከሆነ ያ ቦታ መጋጠሚያ ነው። የመንገዱ ቁራጮች የሚጋጠሙት የብረት ምላሶች እርስ በርስ ሲነካኩ ነው፤ በመንቀልና በመሰካት ይላላሉ። ምላሱን በፒንሳ ጫፍ በጣም በቀስታ ጠበቅ ማድረግ ነው፤ የድሮ ብረት ሁለቴ ከታጠፈ ይሰበራል። የምትቆም ሳይሆን ትራንስፎርመሩ ከሚሰካበት የመንገድ ቁራጭ፣ ከማገናኛው፣ በራቀች ቁጥር የምትደክም ከሆነ ደግሞ አንድ የተበላሸ ቦታ አትፈልጉ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ጥቂት ቮልት ይበላል፣ ድምሩ ነው የሚያደክማት። ከማገናኛው ቁራጭ ተነስታችሁ በየ4 ወይም 5 ሜትሩ ከመንገዱ ሥር ተጨማሪ ሽቦ አገናኙ፣ ግራ ሐዲድ ከግራ፣ ቀኝ ከቀኝ። በሁለት ቀለም ሽቦ ሥሩ። አንዲት ቦታ ቢቀያየር ሁለቱ ሐዲዶች ይገናኛሉ፣ ትራንስፎርመሩም ይዘጋል ወይም ይቃጠላል።

ጥብጣቦቹ ትንሽ ይመስላሉ፣ ግን ግማሹ ብልሽት ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ጠፍጣፋ ሆነው፣ ጫፋቸው በጣት ትንሽ ተፍታቶ፣ ሐዲዱን በቀላሉ መዳሰስ አለባቸው። ብዙ ወደ ታች ከታጠፉ የመኪናዋን አፍንጫ ያነሱትና ምላሷ ከቦዩ ትወጣለች፤ «ያለ ምክንያት ትወድቃለች» የምትባለው ይቺ ናት። ከጠቆሩና ከሳሱ በሁለት ሳንቲ ሜትር አዲስ ጥብጣብ ይቀየራሉ። መኪናዋ ወደ ኋላ ከሄደች ደግሞ የሁለቱ ጥብጣቦች ሽቦ ተቀያይሯል፤ አገላብጦ መሰካት ነው።

ሞተሩ ቀጣዩ ነው። ጎማውን በእጅ ስታዞሩ ከያዘ መጀመሪያ አክስሉ ላይ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ፈልጉ። የእንግሊዝ ልጆች መንገዱን የሚዘረጉት ምንጣፍ ላይ ስለነበር የሱፍ ክር ጥርሶቹ ውስጥ ተጠምጥሞ ይገኛል፤ በመርፌና በትንሽ መቀስ ይወጣል። በደንብ የሚዞር ነገር ግን የሚሞቅና የሚደክም ሞተር ብሩሹ ጋ ችግር አለበት። ሁለት ትንንሽ የካርቦን ብሩሾች በሞላ እየተገፉ በሦስት የተከፈለ የመዳብ ቀለበት ላይ ይፈገፈጋሉ፤ የካርቦኑ ብናኝ በሦስቱ ክፍሎች መካከል ያለችውን ክፍተት ሲሞላት ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፋል። ቀለበቱን አልኮል በነካ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት፣ ክፍተቶቹን በስቴኪኒ ጫፍ አጽዱ። ብረት አታስገቡ። ከዚያ የስፌት መኪና ዘይት፣ በመርፌ ጫፍ የተነሳ አንዲት ጠብታ፣ የሞተሩ ዘንግ በሚዞርባቸው በሁለቱ ጫፎች። ዘይት ቀለበቱ ላይ ከደረሰ ከካርቦኑ ጋር ጭቃ ሆኖ ሥራውን እንደ አዲስ ያስጀምራችኋል።

ጎኑ ክፍት የሆነ፣ ማግኔቱ በውጭ የሚታይ የድሮ ሞተር ሲያጋጥማችሁ የሚሽከረከረውን ጥቅልል አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት። የዚያ ዘመን የብረት ቅይጥ ማግኔት መሃሉ ያለው ብረት ሲወጣ ኃይሉን ያጣል፣ መልሳችሁ ብትገጥሙትም እንደ ድሮው አይሆንም። ማውጣት ግድ ከሆነ ጥቅልሉ ሲወጣ በእሱ ቦታ ወዲያው አንድ ቁራጭ ለስላሳ ብረት ይግባ።

ከብሩሹ የምትወጣው ሰማያዊ ብልጭታ ሁለት ትዝታ ትታለች። አንደኛው ሽታው ነው፦ ብልጭታው ከአየሩ የሚሠራው ኦዞን ከሞቀ ዘይትና ከሞቀ ፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ። የስድሳ ዓመት ሰው ካርቶኑን ከፍቶ አፍንጫውን የሚያስገባው ይህን ፍለጋ ነው፤ ሞተሩ ካልዞረ ግን አያገኘውም። ሁለተኛው የአባት ጩኸት ነው። ያው ብልጭታ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይ ነጠብጣብና መስመር ያዘንብ ነበር። ሞገዱን ለማፈን በሐዲዶቹ መካከል ትንሽ ኮንደንሰር (ካፓሲተር)፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ባለ ሁለት እግር ዕቃ ይገባል። ኮንደንሰሩ ራሱ አርጅቶ ሾርት ካደረገ ያ መስመር በሙሉ ይሞታል፤ ሐዲዱ ንጹሕ ሆኖ፣ መኪናዋም በባትሪ እየዞረች፣ መስመሩ ግን ድምፅ ካጣ አንድ እግሩን ነቅላችሁ ሞክሩ።

ስለ ጎማ ብዙ የሚባል የለም። የደረቀ ጎማ እንደ ጠርሙስ ይንሸራተታል። በተጣባቂ ፕላስተር አቧራውን አንሱለት፤ ካልሆነ መኪናዋን ይዛችሁ ሞተሩ እየዞረ የኋላ ጎማዎቹን ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ጥቂት አስነኩ፣ የደረቀው ቆዳ ይነሳል። ከተሰነጠቀ አዲስ ግዙ፣ ለታወቁት ሞዴሎች ዛሬም ይሠራል።

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የዛሬዎቹ ሆዳቸው ሥር ማግኔት አለ፤ የብረቱን ሐዲድ እየሳበ መኪናዋን መንገዱ ላይ ይለጥፋታል። ፈጣን ያደርጋታል፣ ለሕፃን ልጅም ያመቻል። ሆኖም ማግኔቱ እስከ ልኩ ድረስ ይይዝና ልኩ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይለቃል። የድሮዎቹ ግን ከመውጣታቸው በፊት ይናገራሉ፦ ኩርባው ላይ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ፣ ጣት ጥቂት ካነሳ ይመለሳሉ፣ ካላነሳ ይሄዳሉ። ያንን ስሜት ለሚፈልግ መድኃኒቱ ማግኔቱን ማውጣት ነው፤ አንዳንዱ በአንዲት ቪቴ የታሰረ ነው፣ አንዳንዱ በጥፍር ይወጣል። ዙሩ ይዘገያል፣ ውድድሩ ግን ይሻላል።

የቀረው የመጀመሪያው ችግር ነው። የአንዱ መውደቅ ሌላውን እንዳይጥል ለየመስመሩ የየራሱ ትራንስፎርመር ይገጠማል፤ ማገናኛው ቁራጭ ሥር ሁለቱ መስመሮች የሚጋሩትን ሽቦ መለየት እንዳይረሳ፣ አለዚያ ሁለቱ ትራንስፎርመሮች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሰዓት ተይዞ፣ ዙር ተቆጥሮ ለሚደረግ ውድድር ሁለት ትራንስፎርመር ግድ ነው። ወንድማማቾች ወለል ላይ ተኝተው ለሚጫወቱት ግን አንዱን እተውላቸው ነበር።